ስፕሬቫልድ ከነአረጋውያንና ከነልጆች፦ የሦስት ቀን እቅዴን አርሙልኝ

ሰላም_ሃኖቨር፦

ጤና ይስጥልኝ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር አርብ ነሐሴ 1 ወጥተን እሑድ ነሐሴ 3 ማታ የምንመለስበት ጉዞ ወደ ስፕሬቫልድ፣ ከበርሊን ደቡብ ምሥራቅ ወዳለው የጅረቶች አገር፣ አስበናል። ስድስት ነን፤ እኔና ባለቤቴ፣ ለክረምቱ ከአዲስ አበባ የመጡ እናቴና አባቴ፣ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች። እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ ይከብዳቸዋል። መኪና የለንም። እኔና ባለቤቴ ዶይችላንድ ቲኬት (በመላ ጀርመን የሚሠራው ወርሃዊ የክልል ባቡር ትኬት) አለን።

ረቂቁ ይህን ይመስላል። አርብ ከሃኖቨር በአይሲኢ (ፈጣኑ ባቡር) በርሊን፣ ከዚያ በክልል ባቡር ሉበን ወርደን ቤት መግባት፣ ከሰዓት ጀልባ። ቅዳሜ ካያክ (ጠባብ ታንኳ) ተከራይተን ሁላችንም ከሉበናው እስከ ቡርግ ቀዝፈን መመለስ። እሑድ ብስክሌት፣ ማታ ባቡር። የያዝነው ፈርየንቮኑንግ (ለእረፍት የሚከራይ ቤት) ሉበናው አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። እናትና አባቴ ፍልሰታን ይጾማሉ፤ ምግቡም ያሳስበኛል። ሰዓት ስትጽፉልኝ በጀርመን አቆጣጠር ይሁን፣ አባቴ እያነበቡ ግራ እንዳይገባቸው።

የባቡር_ሰው፦

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ አንድ ነገር እናርም። ቤትሽ ሉበናው ከሆነ ሉበን አትውረዱ። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ከበርሊን ስትመጡ ቀድሞ የሚደረሰው ሉበን ነው፣ ሉበናው ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ስልክሽ ላይ ስትፈልጊ «ሉበናው (ስፕሬቫልድ)» ብለሽ ሙሉውን አስገቢ።

ቡርግም እንደዚሁ ነው፤ ጀርመን አገር ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ቦታ ብዙ ነው። አንዱ ማግደቡርግ አጠገብ፣ አንዱ ፌማርን ደሴት ላይ። «ቡርግ (ስፕሬቫልድ)» ካላልሽ መተግበሪያው ወደ ሌላ ክልል ይወስድሻል። ደግሞ የእኛ ቡርግ ዛሬ የባቡር ጣቢያ የለውም። አውቶቡስ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አመላለሱ ይሳሳል።

የክልል ባቡሩ አርኢ 2 እና አርኢ 7 ነው። ሁለቱም በርሊን ሃውፕትባንሆፍ (ዋናው ጣቢያ)፣ አሌክሳንደርፕላትስ፣ ኦስትባንሆፍና ኦስትክሮይዝ ይቆማሉ፤ ሉበናው ለመድረስ አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። በበጋ ቅዳሜ ጠዋት ኦስትክሮይዝ ላይ ሲደርስ ባቡሩ ሞልቷል፤ መቀመጫ የሚፈልግ አረጋዊ ካለ ከሃውፕትባንሆፍ ተሳፈሩ። በዚህ መስመር የሐዲድ ሥራ አይጠፋም፤ ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊትና በዚያው ጠዋት መተግበሪያውን እዪ። ምትክ አውቶቡስ ከተባለ ብስክሌት አይጫንም።

ትኬት፦ ዶይችላንድ ቲኬት (ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በወር 63 ዩሮ) አርኢ ላይ ይሠራል፣ አይሲኢ ላይ አይሠራም። ያ ትኬት ሌላ ሰው አያስከትልም። ለቀሩት የብራንደንቡርግ በርሊን የቀን ትኬት ግዢ፤ አንዱ ለአምስት ሰው ይበቃል። እናትሽ፣ አባትሽና የ9 ዓመቱ ልጅ በዚያ ይገባሉ፣ የ5 ዓመቱ በነጻ ነው። ሦስት ነገር ልብ በይ፤ በሥራ ቀን ከ9፡00 በፊት አይሠራም (ቅዳሜና እሑድ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይሠራል)፣ ትኬቱ ላይ ስም መጻፍ ግድ ነው፣ እሑድ ለመመለሻ ደግሞ ሌላ መግዛት አለብሽ። ብስክሌት ከጫናችሁ ለብቻው ትኬት ይፈልጋል፣ ዶይችላንድ ቲኬት ያለውም ቢሆን።

ኮትቡስ_ማዶ፦

የባቡሩ ነገር ተመለሰ። እኔ ስለ ቦታው ልጨምር።

ስፕሬቫልድ ከበርሊን ደቡብ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፕሬ ወንዝ እዚህ ሲደርስ መሬቱ በጣም ለጥ ያለ ስለሆነ በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ጅረቶች ይበታተናል። ካናል ይባል እንጂ ብዙው ተፈጥሯዊ ነው፤ የአካባቢው ሰው «ፍሊስ» ይለዋል። በእርግጥ ቀጥ ብለው የተቆፈሩም አሉ፤ ኖርድኡምፍሉተርና ዙድኡምፍሉተር የሚባሉት ጎርፍ ለማሳለፍ የተሠሩ ናቸው። ሰፊ ናቸው፣ ጥላ የላቸውም፤ ከልጅ ጋር ለመቅዘፍ አሰልቺ ናቸው። ካርታ ላይ ስታዪ ቀጥ ያለ ወፍራም መስመር ከሆነ ተዪው፣ የተጠማዘዘውን ቀጭኑን ያዢ። አካባቢው ከ1991 ጀምሮ የዩኔስኮ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው። ስለዚህ መግባት የተከለከለባቸው ጅረቶች አሉ፤ ምልክቱ ውሃው ዳር ተተክሏል።

ምልክቶቹ በሁለት ቋንቋ ናቸው። ሁለተኛው የታችኛው ሶርብኛ ነው፣ የስላቭ ቋንቋ። ሉበናው «ሉብንዮቭ»፣ ኮትቡስ ደግሞ «ኾሼቡዝ» ይባላል። የስፕሬቫልድ የሶርብኛ ስሙ ትርጉሙ «ረግረጎች» ማለት ነው፤ ከጫማ ምርጫ ጀምሮ ይህን ስም አስቡት።

ማረፊያችሁ ሉበናው መሆኑ ለመኪና አልባ ቤተሰብ ትክክል ነው። ከጣቢያው እስከ ትልቁ ወደብ፣ ግሮሰር ሃፈን፣ በእግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ለእናትሽ ግን ከሻንጣ ጋር ይርቃል፤ ታክሲ ከጣቢያው በር ላይ ተሰልፎ አይጠብቅም፣ ባቡር ላይ ሳላችሁ ደውሉ።

ከቤቱ ባለቤት ጋር አሁኑኑ የምታጣሪው፦ አንሶላና ፎጣ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ፣ የመጨረሻ ጽዳት ለብቻው ይከፈላል ወይ፣ መኝታው ፎቅ ላይ ነው ወይስ ምድር። አሮጌ ቤቶች ውስጥ ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። ኩርታክስ የሚባለውን የእንግዳ ግብር በአዳር በሰው ትከፍላላችሁ፤ በምላሹ የሚሰጠው የእንግዳ ካርድ ቅናሽ ስላለው አትጣሉት።

ቀዛፊው፦

ከሉበናው ቡርግ ደርሶ መልስ በካያክ? እህቴ፣ ይህን እቅድ ጣዪው። በውሃ ደርሶ መልሱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅ ያለበት ታንኳ በሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከሽሎይዘ (ታንኳ የሚያሻግር የውሃ በር) ጥበቃ ጋር አሥር ሰዓት ያልፋል፣ ማከራያዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ 18፡00 ላይ ይዘጋሉ። ስድስት ሰው ለሁለት ካያክም አይሆንም፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ካያክ ውስጥ ይገባል እንጂ አይወጣም። እግር ተዘርግቶ ነው የሚቀመጠው፣ መውጫው ደግሞ ከመቀመጫው ከፍ ያለ ጣውላ ነው።

ለጀማሪ የሚሆነው ዙር ከሉበናው ወደ ሌደ መንደር፣ ከዚያ ላይፐ መንደር፣ ከላይፐ በሌላ ጅረት ወደ ሉበናው ነው። 12 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከእረፍት ጋር ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያዢለት። ውሃው ከቡርግ በላይፐ በኩል ወደ ሉበናው ነው የሚፈሰው። ስለዚህ መሄጃው ሽቅብ፣ መመለሻው ቁልቁል ነው፤ ክንድ ሳይደክም ሽቅቡን መጨረስ ትክክል ነው። ልጁ ከደከመው ሌደ ላይ ብትመለሱም ግማሽ ቀን ሆኖ ያምርበታል።

ታንኳ ስትመርጪ ለአባትና ለ9 ዓመት ልጅ ክፍቱን ካናዲየር ውሰጂ። ከካያክ ይልቅ ሰፊና የተረጋጋ ነው፣ ዕቃ ይይዛል። መሪው አባት ከኋላ ይቀመጥ። ቀላሉ ሰው ከፊት፣ ከባዱ ከኋላ ሲሆን አፍንጫው ትንሽ ይነሳል፣ ያ ችግር የለውም፤ ተቃራኒው ከሆነ ግን ታንኳው አቅጣጫ አይጠብቅም፣ ከዳር ዳር ሲጋጭ ይውላል። መቅዘፊያው ለልጁ አጭሩ ይሁን፤ ቆሞ ሲይዘው እጀታው አገጩ ጋ ከደረሰ ይበቃል። የመንሳፈፊያ ሰደርያ በልጁ ክብደት ይመረጣል እንጂ በዕድሜ አይደለም፤ ክብደቱ ውስጡ ተጽፏል። ካለበሱት በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ሽቅብ ይሳቡት፤ ጆሮውን ካለፈ ትልቅ ነው።

ሽሎይዘ፣ ማለትም ታንኳ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ውሃ የሚሻገርበት ባለ ሁለት በር ገንዳ፣ ብዙ ጊዜ ራስ አገዝ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከታንኳው ወርዶ ዳር ላይ ይቆማል። በእናንተ በኩል ያለው በር የሚከፈተው ውስጡ ያለው ውሃ ከእናንተ ውሃ ጋር እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ካልሆነ የዚያን በር ትንሿን መዝጊያ፣ ሽዩትስ የምትባለውን፣ በማንሻው ከፍ አድርጋችሁ ትጠብቃላችሁ። ሲስተካከል በሩ በአንድ እጅ ይገፋል። እምቢ ካለ ውሃው ገና ነው፤ አታስገድዱት። ገባችሁ፤ በሩንም ሽዩትሱንም ከኋላችሁ ዝጉ፤ ከዚያ በኋላ ከፊታችሁ ያለውን ሽዩትስ ክፈቱ።

የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ የኋላው ሽዩትስ ግማሽ ክፍት ቀርቶ የፊቱ ሲከፈት፤ ውሃ ይገባል፣ ይወጣል፣ ከፍታው አይለወጥም፣ ሰው ሃያ ደቂቃ ቆሞ «ተበላሽቷል» ይላል። ሁለተኛ፣ ገመድ ማሰር። ቁልቁል ስትሄዱ ውሃው ይወርዳል፣ የታሰረው ታንኳ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ገመዱ በእጅ ይያዝ፣ አይታሰር። ሦስተኛ፣ ሽቅብ ስትሄዱ ሽዩትሱን በአንዴ እስከ ጫፍ ማንሳት። ውሃው ከፊት እየፈላ ይገባል፣ ታንኳውን ወደ ጎን ያዞራል። መጀመሪያ ሩብ ያህል፣ ገንዳው ሲጋመስ ሙሉውን። ታንኳው ወደ ኋላ ተጠግቶ ይቁም።

በበጋ ቅዳሜና እሑድ ልጆች ሽሎይዙን ይከፍቱላችኋል። አንድ ዩሮ ወይም ሃምሳ ሳንቲም መስጠት ልማዱ ነው። ስለዚህ ዝርዝር ሳንቲም ያዙ፤ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ሃያ ዩሮ ማስመንዘር አይቻልም።

ከሽሎይዙ ጎን የሚታየው ግድብ፣ ቬር የሚባለው፣ በታንኳ አይታለፍም፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ክብ እየዞረ ሰውን ይይዛል። አለመጠጋት ነው።

እታለም፦

እኔ በምግቡ ልግባ፤ ጾም ከሆነ እዚያ ቀላልም ከባድም ነው።

ቀላል የሚያደርገው የአገሩ ዋና ምግብ የተቀቀለ ድንች በተልባ ዘይት መሆኑ ነው። ምግብ ዝርዝሩ ላይ «ካርቶፈልን ሚት ክቫርክ ኡንት ላይንኧል» ይላል። ክቫርክ አይብ መሰል የወተት ነገር ነው። «ኦነ ክቫርክ» ብላችሁ ካስቀራችሁት ድንች፣ ተልባ ዘይትና ሽንኩርት ይቀራል። ለእናትሽ እንግዳ አይሆንባቸውም። ሽትራውፒትዝ በሚባል መንደር የነፋስ ወፍጮ አለ፤ ተልባውን ደቁሶ፣ መጥበሻ ላይ አሙቆ ነው የሚጨምቀው። ሽታው ቤት የሚቆላን ተልባ ያስታውሳል። መንደሩ የባቡር ጣቢያ ስለሌለው በእናንተ ሦስት ቀን አይገባም፣ ዘይቱ ግን ሉበናውም ይሸጣል። ትንሹን ጠርሙስ ግዙ፣ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ቶሎ ይመራል። እሳት ላይ አይውልም፣ ከላይ ይፈስሳል እንጂ።

ሌላው ኪያር ነው። የስፕሬቫልድ ኪያር ስሙ ከ1999 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ነው። ወደቡ ዳር ከበርሜል እያወጡ በቁራጭ ይሸጣሉ። «ዛልትስ ዲል» በጨውና በእንስላል መሰል ቅጠል የቦካው ነው፣ «ጌቩርትስ» በኮምጣጤ፣ «ዜንፍ» የተላጠና በሰናፍጭ ፍሬ የተዘጋጀ። ሁሉም የጾም ነው። እነ አባትሽ የሚወዱት ዛልትስ ዲሉን ይመስለኛል፤ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ስኳር ስላለው ለእኛ አፍ ይጣፍጣል።

ከባዱ እዚህ ነው። ጀልባ ማረፊያ ላይ ያሉ ትንንሽ ኪዮስኮች በብዛት የሚሸጡት «ሽማልትስሽቱለ» ነው፤ ዳቦ፣ ከላዩ ነጭ የተቀባ ነገር፣ ከጎኑ ኪያር። ነጩ ቅቤ አይደለም፣ የአሳማ ስብ ነው። ሲታይ የጾም የአትክልት ቅባት ይመስላል፤ ሙስሊም ጓደኞቻችንም እዚህ ይሳሳታሉ። «ግሩትስቩርስት» የደም ቋሊማ ነው። «ፕሊንዘ» ቂጣ ቢመስልም ወተትና እንቁላል አለው፤ ለልጆቹ ግን ግሩም ነው። ሜርሬቲሽ (የሚያቃጥል የተፈጨ ሥር) በማሰሮ ስትገዙ «ዛኸነ» የሚል ቃል ካለበት ክሬም ገብቶበታል። ዓሣ በየቦታው አለ፤ በፍልሰታ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ እተዋለሁ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙ ደግሞ ትልቁ ወጥመድ የወጥ ቤት ሰዓት ነው። በኛ ዘጠኝ ሰዓት በነሱ 15፡00 ነው፤ የገጠር ምግብ ቤት ብዙ ጊዜ ከ14፡00 እስከ 17፡00 ወጥ ቤቱን ይዘጋል። ቡናና ኬክ ብቻ ይቀርባል። በር ላይ «ዱርሽጌኸንት ቫርመ ኩሸ» የሚል ካለ ቀኑን ሙሉ ያበስላሉ ማለት ነው። ከሌለ ከሽሮና ከቂጣ ጋር ቤት ግቡ። ለእሑድ የሚሆነውንም ቅዳሜ ግዙ፤ እሑድ ሱቅ ዝግ ነው።

ሰላም_ሃኖቨር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሽማልትስሽቱለ የሚለውን ለአባቴ ሳነብላቸው ሁለቴ አስደገሙኝ። ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። ቡርግ ከቀረ ለእናቴ የሚሆነው ጀልባ የትኛው ነው? የ5 ዓመቱ ልጅ ጋሪ ይዘን እንምጣ ወይ? ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ውሃው ቡናማ ነው፣ ቆሻሻ ነው ብሎኛል፤ እውነት ነው?

ኮትቡስ_ማዶ፦

ከመጨረሻው ልጀምር። ቡናማው ቀለም ብረት ነው። በላውዚትስ (ስፕሬቫልድ ያለበት ሰፊ አካባቢ) ቡናማ የድንጋይ ከሰል ለማውጣት መሬቱ ሲቆፈር ፒራይት የሚባለው ማዕድን አየር ያገኛል። የከሰል ማውጫው ሥራ አቁሞ የከርሰ ምድር ውሃው ተመልሶ ከፍ ሲል፣ ብረቱን አጥቦ ወደ ስፕሬ ገባር ወንዞች ያመጣዋል። ወንዙ ውስጥ ኦክስጅን ሲያገኝ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል። ዝገቱን በብዛት የሚይዘው ከኮትቡስ በላይ ያለው የሽፕሬምበርግ ግድብ ነው። በሰው ቆዳ ላይ ጉዳት የለውም፤ በወንዙ ወለል ላይ ያለውን ሕይወት ግን ይሸፍናል፣ ዓሣና ነፍሳት ይጎዱበታል። ሉበናው አካባቢ የምታዩት ጥቁር አረንጓዴ ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ የቅጠልና የቶርፍ (ከበሰበሰ ዕፅዋት የሆነ የረግረግ አፈር) ቀለም ነው። መርጨት ይቻላል፣ መጠጣት አይቻልም፣ ነጭ ሱሪ አይለበስም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ለአሥርታት ስፕሬን ሲያጠግብ የኖረው ከከሰል ማውጫው እየተሳበ የሚጣል ውሃ ነበር። ማውጫው ሲዘጋ ያ ይቀንሳል። ስለዚህ በደረቅ በጋ ውሃው ይጎድላል፣ አንዳንድ ሽሎይዞች ውሃ ለመቆጠብ ሰዓታቸው ይገደባል ወይም ይዘጋሉ። ነሐሴ ላይ ስትመጡ ማከራያው ጋ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ዛሬ የትኛው ሽሎይዘ ዝግ ነው?» ይሁን። ካርታው ላይ እስክሪብቶ ይዘው ያሳዩዋችኋል።

ጋሪ ተዉት። ጅረቶቹን የሚያሻግሩት የእንጨት ድልድዮች ጀልባ ከሥር እንዲያልፍ ቅስት ሆነው ነው የተሠሩት። ብዙዎቹ በሁለቱም በኩል ደረጃ አላቸው። ከጎን የብስክሌት ጎማ የሚገፋበት ጠባብ ጣውላ ያላቸው አሉ፣ ለጋሪ አይሆንም። የእሑዱን ብስክሌትም በዚህ ዓይን እዪው፤ ከሃያ ኪሎ በላይ የሚመዝን ባለ ባትሪ ብስክሌት በየድልድዩ ማንሳት ወገብ ይቆርጣል። ከሉበናው ወደ ሉበን በስፕሬ ዳር የሚሄደው መንገድ ግን ሜዳ ነው፣ ለልጅ ይሆናል። ሉበን ስትደርሱ የሽሎስኢንዘል መናፈሻ አለ፤ ለመመለስ ልጁ ከደከመው ባቡር ነው።

ለእናትሽ ጀልባው «ካን» የሚባለው ነው። ዘጠኝ ሜትር ያህል የሚረዝም ጠፍጣፋ ጀልባ፣ መደዳ አግዳሚ ወንበርና መሃል ላይ ጠረጴዛ ያለው። ሞተር የለውም። ጀልባ ነጂው ከኋላ ቆሞ «ሩደል» በሚባል አራት ሜትር ገደማ እንጨት ከሥር ይገፋል። ጣና ላይ ታንኳ በዘንግ ሲገፋ ያየ ሰው ሥራው ወዲያው ይገባዋል። ድምፁ ውሃው ጣውላውን ሲነካ የሚሰማው ብቻ ነው።

የሁለት ሰዓቱ ጉዞ ወደ ሌደ ሄዶ ይመለሳል። በሰው ሃያ ዩሮ ብለሽ ብትይዢ አይጎድልብሽም፤ ልጅ ይቀንስለታል፣ ጥሬ ገንዘብ ያዢ። ለስድስት ሰው ቀጠሮ አያስፈልግም፤ ጠዋት 9፡30 ወደብ ድረሱ፣ ጀልባው ሲሞላ ይነሳል። ከ11፡00 በኋላ የአውቶቡስ ቡድኖች ይደርሳሉ፣ ሰልፍ ነው። የመሳፈሪያ ደረጃው ሁለት ሦስት እርከን ነው፣ ጀልባ ነጂው እጅ ይይዛል። የሚከብዳቸው ከሆነ ትኬት ስትቆርጪ «ባሪየረፍራይ» (ደረጃ የሌለው) መሳፈሪያ ያለው የትኛው ወደብ እንደሆነ ጠይቂ። እናትሽ ጠርዙ ላይ ሳይሆን መሃል እንዲቀመጡ አድርጊ፣ ጀልባው ሲቆም ከጎን የሚነካካው ጠርዙ ነው። ጀልባው ላይ ሽንት ቤት የለም፤ የሚቀጥለው ሌደ ነው።

ቀዛፊው፦

ይህን ካየሁ ቅዳሜን እንዲህ አድርጉት። አባትና ትልቁ ልጅ 9፡00 ላይ ታንኳ ተከራይተው ይቅደሙ፣ የቀራችሁት 10፡00 አካባቢ በካን ተነሱ፣ ሌደ ላይ ተገናኙ። ካን ሌደ ላይ ለእረፍት ይቆማል። ከቆማችሁ ደግሞ ክፍት አየር ሙዚየሙን ግቡ፤ በ1957 የተከፈተ ነው፣ የግንድ ቤቶችና የሸምበቆ ጣሪያዎች አሉት። ከሙዚየሙ በኋላ በሌላ ካን መመለስ ከፈለጋችሁ ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሁሉም ጀልባ የሌላውን ትኬት አይቀበልም። በእግርም ከሌደ ሉበናው ግማሽ ሰዓት ነው፣ ለእናታችሁ ግን አልመክርም።

በውሃ ላይ ካን ቅድሚያ አለው፣ ሽሎይዘ ላይም ጭምር። ማቆም ስለማይችል አይደለም፤ ነጂው ዘንጉን ወደ ጎን ስለሚያወጣ ቦታ ይፈልጋል። ቀኛችሁን ይዛችሁ ቁሙ፣ መቅዘፊያችሁን ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ጣታችሁን ከጠርዝ አንሱ። በሁለት ታንኳ መካከል የተጨፈለቀ ጣት እዚያ ከሚሰጥሙ ስልኮች ቁጥር ባይበልጥም የበለጠ ያማል።

ስልክ ካልን፣ ውሃ የማያስገባው ከረጢት አፉ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሲጠቀለል ነው የሚዘጋው፤ አንዴ ተጠቅልሎ የተቆለፈ ክፍት ነው። ካርታውን ከመስመር ውጭ አውርዱ፤ ደኑ ውስጥ መረብ ይጠፋል። መገናኛ ላይ ያሉት የእንጨት ጠቋሚዎች ግን አስተማማኝ ናቸው።

እታለም፦

ስለ ትንኝ ማንም አላነሳም። ከ18፡00 በኋላ ውሃ ዳር ያለ ረጅም እጅጌ አይቀመጥም። ሣር ላይ ከተቀመጣችሁ ማታ ልጆቹን ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ጉልበት እጥፋት እዩ፤ መዥገር አለ። ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ እሳት የሚባለው ሁሉ ይቅር።

ወይና_ደጋ፦

እኔ ኦልደንቡርግ ነኝ፤ ስፕሬቫልድ ይርቀናል። ለሰሜን ሰዎች የሚሆን ተመሳሳይ ነገር አለ? ደግሞ ግንቦት ላይ ዕርገት ዕረፍት ስለሆነ ያኔ ማሰብ ጥሩ ነው?

ኮትቡስ_ማዶ፦

ወንድሜ፣ አጠገብህ ፓፐንቡርግ አለልህ። በ1631 የተመሠረተ፣ ቶርፍ ለማውጣትና ለማጓጓዝ በተቆፈሩ ቦዮች ዙሪያ የተዘረጋ ከተማ ነው። ግሮሰፌንም እንደዚሁ፣ ከ1633 ጀምሮ። ግን ባሕርዩ ሌላ ነው፤ ቦዩ ቀጥ ያለ፣ ቤቱ በመደዳ፣ ድልድዩ ነጭ ተነሺ። ብስክሌት አገር ነው፤ እንደ ስፕሬቫልድ ደን ውስጥ መጥፋት የለም።

የጀርመኑን ዕርገት ሐሙስ ግን ለስፕሬቫልድ በፍጹም አትምረጠው። ከኛ ዕርገት ጋር ቀኑ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ እዚህ ያ ቀን የአባቶች ቀን ነው፣ ወንዶች በቡድን ቢራ ጭነው ውሃ ላይ ይውላሉ። ባቡሩም ሽሎይዙም በዚያው ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት፣ ማክሰኞና ረቡዕ፣ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለ ነው፤ ቅጠሉ አዲስ፣ ትንኙ ገና፣ ውሃው ሙሉ።

ሰላም_ሃኖቨር፦

አስተካከልኩት። አርብ ሉበናው ወርደን ቤት መግባት፣ ገበያ፣ ወደብ ዳር ኪያር፣ ሌላ ምንም። ቅዳሜ 9፡00 ባለቤቴና ትልቁ በካናዲየር፣ እኛ 9፡30 ወደብ ደርሰን በካን፣ ሌደ ላይ መገናኘት፤ እነሱ ላይፐ መድረስ አለመድረሳቸውን እዚያ ይወስናሉ። ምሳ ቤት ገብተን። እሑድ ባለቤቴና ልጁ በብስክሌት ሉበን፣ እኛ በባቡር ሉበን፣ ከዚያ አብረን በርሊን። ኪያሩን እነ እናቴ ወደ አዲስ ይዘው ይሄዳሉ።

የባቡር_ሰው፦

ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ። ብስክሌቱን ሉበናው ተከራይተው ሉበን ላይ ማስረከብ የሚቻለው ማከራያው ከተስማማ ነው፤ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነ መልሰው በባቡር ማምጣት ሊኖርባቸው ነው፣ ያኔ የብስክሌት ትኬት።

ኪያሩ ደግሞ በማሰሮ ከነውሃው ስለሆነ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ነው፤ በብዙ አየር ማረፊያ በእጅ ሻንጣ ፍተሻ ላይ ሊወሰድ ይችላል። በሚጫነው ሻንጣ፣ ክዳኑ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ መሃል ልብስ ውስጥ ቁሞ ይግባ። የ720 ሚሊ ሊትሩ ማሰሮ ከነመስታወቱ ከአንድ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ከ23 ኪሎው ላይ ቀንሱት።